ቲማቲምን የነቀነቀችው ንብ፦ ከቤልጂየም ግሪንሃውስ የተነሳ አንድ ጉዳይ

ግሪንሃውስ ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ወደ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ማዳበሪያው፣ ብርሃኑ። ጣሪያውና ግድግዳው ከውጭ ምን አስቀሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ቲማቲም ላይ ያስቀሩት ነገር ነፋስ ነው። ይሄ ትንሽ የሚመስል ጉድለት አምራቾችን ለብዙ ዓመታት አስቸግሯል። መፍትሔው የተገኘው በ1985 ቤልጂየም ውስጥ ነው። መፍትሔው ደግሞ በተራው ከግሪንሃውሱ በር አልፎ ሄዶ ሌላ ችግር ፈጠረ። ሁለቱንም አብሬ ልተርክ ነው፤ ምክንያቱም አንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው የጉዳዩን ግማሽ ነው የሚያወራው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አበባዋ እንዴት ተሠራች?

የቲማቲም አበባ ትንሽ፣ ቢጫና ወደ መሬት ያጎነበሰች ናት። መሃሏ ላይ ሾጠጥ ያለ ቱቦ አለ። ይህን ቱቦ የሠሩት ጎን ለጎን የተጣበቁት የወንዴ ክፍሎቿ ናቸው። ብናኙ የሚለቀቀው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቱቦው ውስጥ ነው። የሴቴው ክፍልም በዚያው ቱቦ መሃል ያልፋል። በአብዛኞቹ የዘመኑ ዝርያዎች ጫፉ ከቱቦው አፍ ብቅ አይልም። ስለዚህ አበባዋ የሌላ ተክል ብናኝ አያስፈልጋትም፤ የራሷ ይበቃታል። የሚጎድላት የሚነቀንቃት ብቻ ነው። አፉ ወደ ታች የተደፋ የጨው መነስነሻ ካልነቀነቁት ጨው አይወርድም። እሷም እንደዚያው ናት።

ሜዳ ላይ ነፋስ ይህን ሥራ በነፃ ይሠራዋል። ግሪንሃውስ ውስጥ ግን፣ በተለይ መስኮቶቹ በሚዘጉበት በቀዝቃዛው ወቅት፣ አየሩ ጸጥ ይላል። አበባዋ ትፈካለች፣ ጥቂት ቀናት ትቆያለች፣ ከዚያ ትረግፋለች። ባትረግፍም የምትሰጠው ፍሬ ትንሽ ወይም የተንሻፈፈ ይሆናል።

ይሄ የሚሆነው በዘሩ ምክንያት ነው። ሴቴው ጫፍ ላይ ያረፈ እያንዳንዱ ብናኝ ወደ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይሰዳል። ቱቦው እንቁላሏ ጋ ደርሶ ሲያዳብራት አንድ ዘር ይፈጠራል። በማደግ ላይ ያለው ዘር እንደ ኦክሲን ያሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ፍሬው እንዲያድግ የሚገፉትም እነዚህ ሆርሞኖች ናቸው። ዘሩ ሲበዛ ፍሬው ይተልቃል። ዘር በአንድ ጎን ብቻ ከያዘ ፍሬው በዚያ ጎን ብቻ ያብጥና ይጣመማል። ቲማቲም ቆርጣችሁ አንደኛው ክፍሉ በዘር ሞልቶ ሌላው ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት፣ በአበባዋ ጊዜ ምን እንደጎደለ እያያችሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስመር እፈልጋለሁ። መነቅነቅ ብቻውን በቂ አይደለም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ፣ ወይም ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከወጣ፣ የብናኙ ጥራት ይበላሻል። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ እርስ በርሱ ይጣበቅና ከቱቦው አይወርድም። አየሩ በጣም ሲደርቅ ደግሞ ሴቴው ጫፍ ላይ አልያዝ ይላል። ሙቀቱንና እርጥበቱን ሳያስተካክል ንብ ገዝቶ የሚያስገባ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ንቧ ያለውን ብናኝ ታወርዳለች እንጂ የሞተውን ሕያው አታደርግም።

ዘንግ ይዞ መዞር

ከ1985 በፊት ሥራው የሰው ነበር። ሠራተኛው የሚንቀጠቀጥ ዘንግ ይዞ በመስመሮቹ መሃል ይሄዳል። የእያንዳንዱን አበባ ዘለላ አንገት በዘንጉ ይነካል። ዘለላው ይንቀጠቀጣል፣ ብናኙ ይወርዳል፣ ሠራተኛው ወደሚቀጥለው ያልፋል። አበቦቹ በየጊዜው ስለሚፈነዱ ይህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ብናኙ ደረቅ በሚሆንበት በቀኑ መሃል መሠራትም አለበት። አንድ ሄክታር ላይ ስንት ዘለላ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ድካሙን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው መንገድ ሆርሞን መርጨት ነበር። ከኦክሲን ጋር የሚመሳሰል ሰው ሠራሽ ሆርሞን አበባዋ ላይ ሲረጭ ያለ ዘርም ፍሬ ትይዛለች። ጃፓን ውስጥ ይህ ዘዴ በሰፊው ይሠራበት ነበር። ግን ዘር የሌለው ፍሬ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍት ይሆናል። ከውጭ የሞላ ይመስላል፤ ሲቆረጥ በግድግዳውና በመሃሉ መካከል ባዶ ቦታ ይታያል። ቀለል ይላል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል።

1985፦ ሁለት እውቀቶች የተገናኙበት ዓመት

ዶ/ር ሮላንድ ደ ዮንገ ቤልጂየማዊ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ቲማቲም አምራች አልነበሩም። ባምብልቢ ይወዱ ነበር፤ ያረቡም ነበር። ባምብልቢ ከማር ንብ ወፍራም፣ ሰውነቷ በጸጉር የተሸፈነ የንብ ዓይነት ናት። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የለችም፤ በአውሮፓ ግን በየሜዳው የምትታይ ናት። ደ ዮንገ በ1985 አንድ የባምብልቢ ቀፎ ቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ አስገቡ። ንቦቹም አበቦቹን ጥሩ አድርገው እንደሚያዳቅሏቸው አዩ።

ንቧ የምታደርገውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስደስታል። ባምብልቢ መጥታ አበባዋ ላይ ትንጠለጠላለች። ቱቦውን በመንጋጋዋ ነክሳ ትይዛለች። ሆዷን ወደ አበባዋ አፍ ታጥፋለች። ከዚያ ክንፎቿን አጥፋ የበረራ ጡንቻዎቿን ብቻ ታንቀጠቅጣለች። ክንፎቹ አይርገበገቡም፤ ጡንቻዎቹ ግን በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። አጠገቧ ለቆመ ሰው አጭርና ስለታም ድምፅ ይሰማል። ብናኙ ሆዷ ላይ ይዘንባል፤ ከፊሉም ሴቴው ጫፍ ላይ ይቀራል። እሷ የራሷን ድርሻ እግሮቿ ላይ ሰብስባ ለልጆቿ ይዛ ትሄዳለች። የነከሰችበት ቦታ በሰዓታት ውስጥ ቡናማ ይሆናል።

ይህ ቡናማ ምልክት ለአምራቹ ትልቅ መሣሪያ ነው። የተወሰኑ አበቦችን ናሙና አድርጎ ያያል። አብዛኞቹ ላይ ምልክቱ ካለ ንቦቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ምልክት የሌላቸው ከበዙ ቀፎው ደክሟል፣ ወይም የሆነ ነገር ንቦቹን አውኳቸዋል። ምልክቱ ከልክ በላይ ጠቁሮ አበባዋ ከተቦጫጨቀች ደግሞ ንቦቹ ለአበቦቹ በዝተዋል ማለት ነው። ከአንድ ደረጃ በላይ ንክሻው ቢጨምር ፍሬው አይጨምርም፤ እንዲያውም አበባዋ ትጎዳለች።

የማር ንብስ ለምን አልሆነችም? የማር ንብ እንዲህ መንቀጥቀጥ አትችልም። የቲማቲም አበባ ደግሞ ጣፋጭ ፈሳሽ የላትም። የማር ንብ የተሻለ ምግብ ያለበትን ለጓደኞቿ ስለምትናገር፣ መስኮት ሲከፈት ሁሉም ተያይዘው ውጭ ወዳለው አበባ ይሄዳሉ። ባምብልቢ ግን ቀዝቀዝ ባለና ደመናማ በሆነ ቀንም ትሠራለች።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ቀፎ ከየት ይመጣል የሚለው ነበር። በተፈጥሮ የባምብልቢ ቀፎ ከአንድ ዓመት አያልፍም። ንግሥቷ ብቻዋን መሬት ውስጥ ተኝታ ክረምቱን ታሳልፋለች። በጸደይ ተነስታ ጎጆ ትሠራለች። ከክረምቱ በፊት፣ በመኸር፣ አሮጌዋ ንግሥት፣ ሠራተኞቹና ድንጉላዎቹ ይሞታሉ፤ የሚተርፉት አዲሶቹ ንግሥቶች ናቸው። ግሪንሃውስ ግን በጥርም ሆነ በኅዳር ንብ ይፈልጋል። በዚያው በ1985 ሮዘለር የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ ባምብልቢን ዓመቱን ሙሉ የማርባት ዘዴ አሳተሙ። ከድንጉላ ጋር የተገናኘችን ወጣት ንግሥት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአጭር ጊዜ ማደንዘዝ የክረምቱን እንቅልፍ ያስቀርላታል። ስትነቃ እንቁላል ወደ መጣል ትሄዳለች። በእኔ እይታ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ነው ያለው። አንዱ ሰው ንቧ ምን ልትሠራ እንደምትችል አየ። ሌላው ስለ ግሪንሃውስ ሳያስብ የንቧን አካል አሠራር አጠና። ሁለቱ ባይገናኙ የደ ዮንገ ግኝት የአንድ ወቅት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ደ ዮንገ በ1987 ባዮቤስት የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1988 የተመረተው ቀፎ 40 ሄክታር ያህል ቲማቲም ለማዳቀል ብቻ የሚበቃ ነበር። ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሌሎች አርቢዎች ተነሱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘንግ ይዞ መዞር ከአካባቢው ግሪንሃውሶች ጠፋ ማለት ይቻላል። በ2004 በዓለም ዙሪያ በዓመት 1 ሚሊዮን ያህል ቀፎ ይሸጥ ነበር። በንቦቹ የሚዳቀለው የግሪንሃውስ ቲማቲምም ወደ 40,000 ሄክታር ደርሶ ነበር።

ማንም ያላቀደው ለውጥ

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የጉልበት ቁጠባው ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ የሚመስለኝ ሌላ ነገር አለ። ቀፎ ያስገባ አምራች እንደ ድሮው ፀረ-ተባይ መርጨት አይችልም። ከረጨ ንቦቹን ይገድላል፤ ንቦቹ ከሞቱ ፍሬ የለም። መንግሥት ያወጣው ደንብ ወይም የባለሙያ ምክር ያላመጣውን ለውጥ ቀፎው አመጣው። አምራቾች ነጭ ዝንብ የተባለውን ተባይ በመርዝ ፋንታ እንቁላሏን በተባዩ እጮች ውስጥ በምትጥል ደቃቅ ተርብ መቆጣጠር ጀመሩ። ይህች ተርብ አዲስ አልነበረችም። እንግሊዝ ውስጥ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ለአምራቾች ትታደል ነበር፤ እነዲዲቲ ሲመጡ ነው የተረሳችው። ባምብልቢ መልሳ በር ከፈተችላት።

የግድ መርጨት ካስፈለገም ዘዴ ተበጅቷል። የቀፎው ሳጥን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ሲዘጋ ንቦቹ መግባት እንጂ መውጣት አይችሉም። ሁሉም ተሰብስበው ሲገቡ ሳጥኑ ይወጣል፣ ይረጫል፣ መርዙ ሲበርድ ይመለሳል።

ሳጥኑ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ቲማቲም ጣፋጭ ፈሳሽ ስለማይሰጥ ከሥሩ የስኳር ውሃ ይቀመጣል። ንቦቹ ከአበባው የሚወስዱት ፕሮቲኑን ነው፤ ጉልበት የሚሰጣቸውን ስኳር ሰው ያቀርብላቸዋል። ሳጥኑ ጥላ ውስጥ መሆን አለበት። ከጋለ ሠራተኞቹ ብናኝ መሰብሰቡን ትተው በክንፋቸው ቀፎውን ማራገብ ይጀምራሉ።

የጣሪያው ነገርም አለ። ንቦች አቅጣጫ የሚለዩት በከፊል አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን የሚያስቀሩ ፕላስቲኮች አሉ፤ አንዳንዶቹ የሚገዙት ነጭ ዝንብን ስለሚያደናግሩ ነው። ባምብልቢንም ያደናግራሉ። በክረምት መብራት ብቻ በሚበራበት ሰዓትም ንቦቹ ቀፏቸውን ማግኘት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ቀፎው የሚከፈተው የተፈጥሮ ብርሃን ባለበት ሰዓት ነው።

ከመስኮቱ ውጭ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ግሪንሃውስ የአየር ማስገቢያ መስኮት አለው። ባምብልቢ ትወጣለች። አውሮፓ ውስጥ ብትወጣ አገሯ ነው። ንግዱ ግን እዚያ አልቆመም።

ጃፓን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓዋን ባምብልቢ ማስገባት ጀመረች። የሆርሞን ርጭቱን ለተሰላቸ አምራች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። በ1996 ሆካይዶ ደሴት ላይ በዱር የተሠራ ጎጆ ተገኘ። ከዚያ ተስፋፋች፤ በደሴቱ ከነበሩት ባምብልቢዎች ጋር ለጎጆ ቦታና ለምግብ መሻማት ጀመረች። በ2006 መንግሥት በወራሪ ዝርያዎች ሕግ ሥር አስገባት። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀም አምራች ፈቃድ ማውጣት፣ መስኮቶቹን በመረብ መሸፈንና ያገለገለውን ቀፎ እንዳያመልጥ አድርጎ ማስወገድ አለበት። በ2017 ደግሞ ወደ አገሬው ባምብልቢ የመሸጋገር አቅጣጫ ወጣ።

ደቡብ አሜሪካ ላይ የደረሰው ግን የከፋ ነው። ቺሊ ይህችን ንብ ያስገባችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2006 አርጀንቲና ውስጥ ታየች፤ የአንዲስን ተራራ ተሻግራ ማለት ነው። እዚያ የምትኖረው የአገሬዋ ባምብልቢ ብርቱካናማ ጸጉር ያላት፣ በዓለም ካሉት ባምብልቢዎች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዷ ናት። መጤዋ በደረሰችበት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህች ንብ እየጠፋች ሄደች። አሁን ሊጠፉ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግባለች። ከመጤዋ ጋር የመጡ ጥገኛ ተሕዋስያን ድርሻ እንዳላቸው ተመራማሪዎች ይጠረጥራሉ። ቀፎ ማስገባቱ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጥሏል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሰሜን አሜሪካ የአውሮፓዋን ንብ አላስገባም አለች። በምትኩ የራሷን ሁለት ዝርያዎች፣ አንዷን ለምሥራቁ አንዷን ለምዕራቡ፣ ማርባት ተጀመረ። የምዕራቧ ዝርያ እርባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ በበሽታ ወደቀ። በዚያው አካባቢ ዱር ያሉት ንቦችም ቀነሱ። ከእርባታው የወጣ በሽታ ነው የሚል መላ ምት ቀርቦ እስካሁን ክርክር አለበት።

ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም ነበር እንዳይባል ማስረጃ ነበር። ኒውዚላንድ በ1885 ለከብት መኖ የሚሆነውን ቀይ ክሎቨር እንዲያዳቅሉላት ከእንግሊዝ ባምብልቢ አስመጥታ ነበር። ጃፓንና ቺሊ በኋላ ያስገቧት ይህችው ዝርያም አብራ ገብታ ነበር፤ አገር ምድሩንም ሞልታዋለች። ባዕድ አገር ላይ መላመድ እንደምትችል ከመቶ ዓመት በፊት ታይቷል። በ1990ዎቹ ቀፎ ሲጫን የተጠየቀው ጥያቄ ግን ቲማቲም ታዳቅላለች ወይ የሚል ብቻ ነበር። ለዚያ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ጥያቄው ራሱ ነው ያነሰው።

ግሪንሃውሱ ውስጥም አዲስ ጣጣ መጥቷል። ቡናማ ሽብሽብ የተባለው የቲማቲም ቫይረስ በ2014 እስራኤል ውስጥ ታየ፤ ከዚያ በብዙ አገሮች ተዛመተ። የሚተላለፈው በንክኪ ነው። በእጅ፣ በልብስ፣ በመቀስ። ባምብልቢ ደግሞ ከአበባ አበባ እየነከሰች ነው የምትሄደው። በሽታው ካለበት ግሪንሃውስ የመጣ ቀፎ ቫይረሱን ወደ ጤነኛ ተክሎች እንደሚያስተላልፍ በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ያገለገለ ቀፎን ከአንድ ግሪንሃውስ ወደ ሌላ ማዘዋወር አደጋ አለው።

አሁን ያሉት መንገዶች

አውስትራሊያ በዋናው ምድሯ ላይ ባምብልቢ የላትም፤ እንዲገባ የቀረበውን ጥያቄም ውድቅ አድርጋለች። ተመራማሪዎቿ ወደ አገራቸው ንቦች ዞሩ። ሆዷ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያላት አንዲት ንብ አለቻቸው። አበባዋን በመንጋጋ ይዛ በመንቀጥቀጥ ፋንታ ጭንቅላቷን በፍጥነት ደጋግማ ትመታባታለች። ብናኙ ይወርዳል። ችግሩ ለብቻዋ መሬት ቆፍራ የምትኖር መሆኗ ነው፤ በሳጥን ማርባቱ ከባድ ነው። በአየር ግፊት አበባውን የሚነቀንቁ ሮቦቶችም እዚያ ሥራ ጀምረዋል።

ሌላው መንገድ ከተክሉ ራሱ ይነሳል። ያለ ብናኝ ፍሬ የሚይዙ ቲማቲሞች አሉ። ሴቬሪያኒን ከተባለ የሶቪየት ዝርያ የተገኘ ዘረመል ለብዙ የማዳቀል ሥራ መነሻ ሆኗል። ብርድ ወይም ሙቀት ብናኙን በሚያበላሽበት ወቅት ይህ ባሕርይ ወርቅ ነው። ፍሬው ዘር የለውም ወይም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መጠኑንና ውስጡን መሙላቱን ማረጋገጥ የአዳቃዩ ፈተና ነው።

ባምብልቢ በሌለበት ቦታ ግሪንሃውስ የሚያቋቁም ሰው ቀፎ ከማዘዙ በፊት በአካባቢው የቲማቲም፣ የድንችና የእምቧይ አበባ ላይ የሚያርፉትን ንቦች ቢያይ ጥሩ ነው። የእነዚህ ሁሉ አበቦች ብናኝ የሚወርደው ሲነቀነቁ ነው። ከሰሃራ በታችም አበባ እያንቀጠቀጡ ብናኝ የሚያወርዱ አሉ፤ ደረቅ እንጨት ቦርቡረው የሚኖሩት ትልልቅ ጥቋቁር ንቦች አንዶቹ ናቸው። ሲያርፉ ያ አጭር ስለታም ድምፅ ከተሰማ፣ ሲነሱም አበባው ላይ ቡናማ ንክሻ ከቀረ፣ የመጀመሪያው ሙከራ በእነሱ ሊጀመር ይችላል።